ኤምኤልአር ላይ «ራስ በራስ» ዌሉ ከፍ ይላል፤ ከላቡ ሰው ማንን ነው መያዝ ያለብኝ?

ባፊኮት

ሰላም የላብ ሰዎች። የተማርኩት ሜዲካል ላቦራቶሪ ነው። አሁን አሜሪካ ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ኢሚዩኖሎጂ በሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ላብ በቴክኒሺያንነት ተቀጥሬያለሁ። ሄማቶሎጂና ኬሚስትሪ እጄ የለመደው ነው፤ ሴል ካልቸር ግን አዲስ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከተቀባዩ ንቅለ ተከላው ሊደረግ ሲል እና በ6ኛው ወር፣ ከለጋሹ ደግሞ አንድ ጊዜ ደም ይመጣል። ፒቢኤምሲውን (ሊምፎሳይትና ሞኖሳይት የሆነውን ነጭ የደም ሴል) በፊኮል (ሴልን በጥግግቱ በሚለይ ፈሳሽ) ለይተን እናቀዘቅዛለን። የአንድ ታካሚ ናሙና ሲሟላ አንድ ላይ አቅልጠን ኤምኤልአር (የሁለት ሰው ነጭ የደም ሴል ተቀላቅሎ አንዱ ለሌላው ምን ያህል እንደሚነሣ የሚለካበት ሙከራ) እንሠራለን። የተቀባዩ ሴል (መላሹ) 5 ማይክሮሞላር ሲኤፍኤስኢ (ሴል በተከፋፈለ ቁጥር በግማሽ የሚደበዝዝ ቀለም) ይቀባል፣ አነቃቂው (የራሱ፣ የለጋሹ ወይም ሦስተኛ ወገን የምንለው የሌላ ሰው ሴል) እንዳይከፋፈል 30 ግሬይ ጨረር ይወስዳል። ከሁለቱም 100,000 ሴል፣ ግርጌው ክብ በሆነ የ96 ዌል (ጉድጓድ) ፕሌት፣ አርፒኤምአይ (የሴል ምግብ) ከ10 በመቶ ኤፍቢኤስ (የጥጃ ፅንስ ሴረም) ጋር፣ 6 ቀን። ፍሎ (ሴልን አንድ በአንድ በሌዘር የሚያነብ ማሽን) ላይ የምናነበው በቲ ሴል ምልክቶቹ በሲዲ3፣ ሲዲ4 እና ሲዲ8 ነው።

የሚወጣው የተከፋፈለ ሴል ቁጥር፦ የራሱ ሴል ለራሱ 14 በመቶ፣ ለለጋሹ 22፣ ለሦስተኛ ወገን 25፣ ቲ ሴልን በኃይል በሚያነቃው የሲዲ3/ሲዲ28 ቢድ ከ85 በላይ። ከቀለጠ በኋላ ሕያው የሆነው ከ70 እስከ 75 በመቶ ነው።

አንደኛ፣ ራስ በራስ 14 የሚሆነው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ላቡ ውስጥ ኮኦርዲኔተር፣ ፖስትዶክ፣ ላብ ማናጀር፣ የአይጥ ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ከውጭ ደግሞ የፍሎ ኮር (የፍሎ ማሽኖቹን ለሁሉም ላብ የሚያስተዳድረው ክፍል) እና የሆስፒታሉ የኤችኤልኤ (የቲሹ ዓይነት) ላብ አለ። የትኛው ችግር የማን እንደሆነ በጽሑፍ የተቀመጠ ነገር የለም። ችግር ሲመጣ ሁሉም «ሴሉ ነው» ይላል። እባካችሁ አቅጣጫ ስጡኝ። እህታችሁ ነኝ።

ፍሎ_ጠረጴዛ

እህቴ፣ የሰዉን ነገር ሌሎች ይነግሩሻል፤ እኔ 14ቱን ልያዝ።

ከጻፍሽው ውስጥ ሁለት ነገር የለም፦ የሞተ ሴል መለያ ቀለም የለም፣ አነቃቂው ሴልም ምንም አልተቀባም። ጨረር የወሰደ ሴል መከፋፈል ያቆማል እንጂ ዕለቱን አይሞትም። እስከ 6ኛው ቀን የሚተርፍ አለ፤ ሞቶም ቅርፁን ይዞ የሚቆይ አለ። ከእነዚህ ውስጥ ቲ ሴል የሆነው ሲዲ3 ይይዛል፣ ሲኤፍኤስኢ ግን የለውም። ስለዚህ ፍሎው ላይ የሚያርፈው ደጋግሞ ተከፋፍሎ ቀለሙ ያለቀበት ሴል የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። አንቺ «ተከፋፈለ» ብለሽ የምትቆጥሪው ከፊሉ ይሄ ነው። ራስ በራስም ሆነ ለለጋሹ ዌል ውስጥ ያው 100,000 አነቃቂ ስላለ ሁሉንም ከፍ ያደርጋል፣ ልዩነቱንም ይሸፍናል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ፕሌት አነቃቂ ብቻ ያለበት 3 ዌል፣ መላሽ ብቻ ያለበት 3 ዌል ጨምሪ። መላሽ ብቻ ያለው 1 ወይም 2 በመቶ ላይ ተቀምጦ፣ አነቃቂ ብቻ ያለው ዌል «የተከፋፈለ» የምትይው ጌት (ፍሎው ላይ የምትመርጪው የሴል ክልል) ውስጥ ሴል ካፈሰሰ ተገኘ ማለት ነው። ይህን ሳታደርጊ ሙከራውን መድገም ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አነቃቂውን በሌላ ቀለም፣ ለምሳሌ በሴልትሬስ ቫዮሌት ቀብቶ ቫዮሌት ያለውን ሁሉ ከጌት ማስወጣት። ሁለተኛው አነቃቂውን ጨረር ከመስጠትሽ በፊት ሲዲ3ን በማግኔት ቢድ ማውጣት። ሁለተኛው ንጹህ ነው፤ ግን ሴል ይበላል፣ የለጋሽ ደም ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣልሽ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የቫዮሌቱ ቻናል ላይ ሌላ አንቲቦዲ እንዳይኖር ፓነሉን ቀድመሽ እዪ። የሞተ ሴል መለያው በሁለቱም መንገድ አይቀርም።

ቀጥሎ ሴረሙ። ኤፍቢኤስ የበሬ ፕሮቲን ነው፤ የአንዳንድ ሰው ቲ ሴል ለእሱ ለራሱ ይነሣል። ለኤምኤልአር ከብዙ ሰው የተቀላቀለ የሰው ኤቢ ሴረም ተጠቀሚ፤ 56 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ የተሞቀ፣ ከወንድ ለጋሾች ብቻ የተሰበሰበ። ወንድ የተባለው ያረገዘች ሴት ሴረም ውስጥ የኤችኤልኤ አንቲቦዲ ሊኖር ስለሚችል ነው። እሱ ከገባ አነቃቂ ሴሎችሽ ላይ ተለጥፎ ውጤቱን ያበላሻል። ሎት በተቀየረ ቁጥር አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ሞክሪ።

ሦስተኛው አቀባቡ ነው። 5 ማይክሮሞላር ቀልጦ ለወጣ ሴል ይከብዳል። 1፣ 2.5 እና 5 አድርገሽ በአንድ ሰው ሴል ሞክሪ፤ ሕይወቱን ሳይጎዳ የሂስቶግራሙ ጫፍ ጠባብ የሚሆነውን ያዢ። ሲቀባ ሴረም መኖር የለበትም፤ ሲኤፍኤስኢ ፕሮቲን ካገኘ እዚያው ይያዛል። በፒቢኤስ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊዮን ሴል አድርጊ። ቀለሙን በቱቦው ግድግዳ ላይ ጠብ አድርጊና ወዲያው አዋህጂ፤ ሴሉ ላይ በቀጥታ ከጣልሽው መጀመሪያ ያገኘው ሴል ሁሉንም ጠጥቶ ሌላው ይደበዝዛል፣ ሂስቶግራሙም ሁለት ጉብታ ያወጣል። 37 ዲግሪ 10 ደቂቃ። ከዚያ ሴረም ያለበት ቀዝቃዛ ሚዲየም አምስት እጥፍ ጨምረሽ በረዶ ላይ 5 ደቂቃ ታስቀምጪና ሁለቴ ታጥቢዋለሽ። ዲኤምኤስኦ ውስጥ ያለው ዋና ቀለም በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ ከእርጥበት ርቆ በፍሪዘር ይቀመጥ፤ አንዴ የተከፈተ ተመልሶ አይገባም።

ጌቱን በ0ኛው ቀን ቀለም አትሥሪው። ሴሉ ምንም ሳይከፋፈል በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ብቻ ብርሃኑ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ጌቱ የሚሠራው እኩል 6 ቀን ከቆየ መላሽ ብቻ ከሆነ ዌል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማይሠራው። «የተከፋፈለው በመቶኛ» ያጋንናል፤ አንድ ሴል ሦስቴ ሲከፋፈል ስምንት ሆኖ ይቆጠራልና። ያልተከፋፈለ 8000፣ አንዴ የተከፋፈለ 400፣ ሁለቴ 800፣ ሦስቴ 1600 ቢሆን በተራ ቆጠራ 2800 ከ10,800፣ ማለትም 26 በመቶ ገደማ ይሆናል። መነሻ ሴሎቹን ስትፈልጊ ግን 400ን ለ2፣ 800ን ለ4፣ 1600ን ለ8 ታካፍያለሽ፤ እያንዳንዱ 200 ይሆናል፣ ድምሩ 600 ከ8600፣ 7 በመቶ። ለለጋሹ የሚነሣው ክፍል ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ 7 እንጂ 26 አይደለም። ፖስትዶኩ የትኛውን እንደሚዘግብ ጠይቂው።

የፕሌቱን ዳር ዌሎች ደግሞ ፒቢኤስ ሙያቸው። በ6 ቀን ውስጥ ዳሩ ይተናል።

ፍሪዘር_ካርታ

ፍሎ ጠረጴዛ ያለው ልክ ነው። ግን ሲቀልጥ 70 በመቶ የሆነ ሴል 6 ቀን ካልቸር ከመግባቱ በፊት ከላይ የተበላሸ ነገር አለ። እኔ ቱቦውን ተከትዬ ልሂድ፣ ሰዎቹም በዚያው ይወጣሉ።

ቱቦው መጀመሪያ የሚያርፈው ኮኦርዲኔተሯ እጅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ነርስ ናት። ፈቃድ የምታስፈርመው፣ ከክሊኒኩ ቀጠሮ ጋር የምታገጣጥመው፣ የሚቀዳውን ሚሊ ሊትር የምትጠብቀው እሷ ናት። መጠኑ የሥነ ምግባር ቦርዱ ባጸደቀው ፕሮቶኮል የተወሰነ ነው። «10 ሚሊ ጨምሪልን» ብለሽ በስልክ ብትለምኛት እሺ ማለት አትችልም፤ ፕሮቶኮሉን የማሻሻል ሥራ የፒአዩ (የጥናቱ ኃላፊ) ነው። ከእሷ የምትፈልጊው አራት ነገር ነው፦ የተቀዳበት ሰዓት ቱቦው ላይ ይጻፍ (የደረሰበት ሳይሆን የተቀዳበት)፤ ታክሮሊመስ (ኩላሊቱ እንዳይጣል የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ታካሚ ከጠዋቱ ኪኒን በፊት ይቀዳ፤ ኢንዳክሽን (በንቅለ ተከላው ሰሞን የሚሰጥ የሰውነት መከላከያን የሚያፍን መድኃኒት) ላይ ምን እንደተሰጠው ይጻፍ፤ ቱቦው በረዶ ላይ እንዳይቀመጥ። ለፊኮል የሚመጣ ደም የክፍል ሙቀት ላይ ነው የሚጓዘው።

የቱቦው ዓይነትም አለ። አረንጓዴ ክዳኑ፣ ሶዲየም ሄፓሪኑ፣ ለሴል ነው። ለኤችኤልኤ ዲኤንኤ ግን ወይን ጠጅ ክዳን ኢዲቲኤ መኖር አለበት፤ ሄፓሪን ፒሲአርን ይዘጋል። ቀይ ክዳኑ ለሴረም። ሦስቱን በአንድ ከረጢት፣ በአንድ መለያ ቁጥር።

ኢንዳክሽን ያልኩት ለምክንያት ነው። ከጥንቸል የሚሠራውን ኤቲጂ (ቲ ሴልን የሚያጠፋ አንቲቦዲ) የወሰደ ሰው ሊምፎሳይቱ ለወራት ዝቅ ብሎ ይቆያል። ከጤነኛ ሰው በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ፒቢኤምሲ ትጠብቂያለሽ፤ ከእሱ ግን ያን አትጠብቂ። ተመልሶ የሚያድገውም በአብዛኛው ሜሞሪ ቲ ሴል ስለሆነ የ6ኛውን ወር ውጤት ከበፊቱ ጋር ስታወዳድሪ ሁለት የተለያየ የሴል ስብጥር ነው የምታወዳድሪው። ሜሞሪውን በምልክቶቹ በሲዲ45አርኤ እና ሲሲአር7 ለይታችሁ ካልዘገባችሁ ገምጋሚ ይጠይቃችኋል።

ደሙ በተቀዳ በ8 ሰዓት ውስጥ ፊኮል ላይ ቢገባ ጥሩ ነው። 24 ሰዓት ካለፈው ኒውትሮፊሉ ይነቃቃል፣ ጥግግቱ ይቀንሳል፣ ወደ ታች መስመጡ ቀርቶ ከፒቢኤምሲው ጋር ይንሳፈፋል። የቲ ሴል ምላሽንም ያፍናል። ሳይድ ስካተሩ ከፍ ያለ፣ ሲዲ15 ያለበት ደመና ካየሽ መጀመሪያ የተቀዳበትን ሰዓት ተመልከቺ።

ፊኮሉ፦ ደሙን በእኩል ፒቢኤስ አቅጥኚ። 50 ሚሊ ቱቦ ውስጥ 15 ሚሊ ፊኮል (1.077)፣ በላዩ 35 ሚሊ የቀጠነ ደም፣ ቱቦውን አጋድመሽ ቀስ ብለሽ። 400 ጂ፣ 30 ደቂቃ፣ 20 ዲግሪ፣ ብሬኩ ጠፍቶ። ብሬኩን ሰው ያበራዋል፤ ከአንቺ በፊት ሴንትሪፊውጁን የተጠቀመው ማንም ይሁን ሁልጊዜ ራስሽ እዪው። ፊኮሉ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ከገባ ቀይ ሴሉ አይሰምጥም፣ ንጣፉም ሮዝ ይሆናል። ነጩን ንጣፍ ስትወስጂ ከሥሩ ፊኮል አብዝተሽ አትሳቢ። የመጀመሪያ እጥበት 300 ጂ 10 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 200 ጂ 10 ደቂቃ። ሁለተኛው ቀርፋፋ የሆነው ፕላትሌቱ ላይ እንዲቀር ነው። ፕላትሌት የበዛበት ሴል ሲቀልጥ ይጓጉላል።

ማቀዝቀዣው ኤፍቢኤስ ከ10 በመቶ ዲኤምኤስኦ ጋር (እዚህ ላይ ኤፍቢኤሱ ችግር የለውም፣ ታጥቦ ይወጣል)፣ ቀዝቅዞ፣ በቱቦ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን። ዲኤምኤስኦው ከነካው በኋላ ሴሉ የክፍል ሙቀት ላይ ቆሞ ወሬ አይወራም። በደቂቃ 1 ዲግሪ በሚያወርደው ዕቃ ውስጥ አድርገሽ ወደ 80 ከዜሮ በታች ታስገቢዋለሽ፤ በማግሥቱ ወደ ናይትሮጅን። የእናንተ ዕቃ አይሶፕሮፓኖል የሚሞላው ዓይነት ከሆነ በየ5 አጠቃቀሙ አልኮሉ ይቀየራል። ዕቃው ላይ ቴፕ ለጥፋችሁ በየጊዜው አንድ ጭረት አድርጉ። 70 በመቶ ላይ የምትቆሙት ከዚህ ወይም 80 ፍሪዘር ውስጥ ለሳምንታት ከተረሳ ቱቦ ይመስለኛል። ከ80 ወደ ታንክ ሲሄድ ደረቅ በረዶ ላይ ነው፤ «ኮሪደሩ አጭር ነው» አይሠራም።

ስታቀልጪ በአንዴ ሁለት ቱቦ ብቻ። 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል በረዶ እስክትቀር። ከዚያ የሞቀ ሚዲየም ጠብታ በጠብታ፣ መጀመሪያ 1 ሚሊ በአንድ ደቂቃ፣ ቀጥሎ እስከ 10 ሚሊ። ከጓጎለ ዲኤንኤዝ። ቁጠሪ፤ ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ለኤምኤልአር አላስገባውም፣ ወይም የሞተውን በማግኔት አወጣለሁ። ሌሊት ማሳረፍ የሚሉ አሉ፤ ለኤልስፖት (ሳይቶካይን የሚያመነጭ ሴል ለሚቆጥር ሙከራ) አዎ፣ ለ6 ቀን ኤምኤልአር ግን ሴል ከማስጠፋት በቀር ያየሁት ጥቅም የለም።

አሁን ማን ምን ያዥ ነው ላልሽው፦ ፖስትዶኩ የፕሮቶኮሉና የጌቱ ባለቤት ነው። ፍሎ ኮር የማሽኑ ባለቤት ነው፤ የዕለቱ የማስተካከያ ቢድ አልፏል አላለፈም፣ ሌዘሩ ተዛብቷል ወይ፣ እነሱን ጠይቂ፤ ጌትሽን ግን አይሠሩልሽም። ላብ ማናጀሩ የዕቃ ሎት፣ የፍሪዘር ካርታ፣ የናይትሮጅን ታንኩ መጠንና ማንቂያው፣ የባዮሴፍቲ ሥልጠናሽ። በነገራችን ላይ የሰው ደም የምትነኪ ከሆነ አሠሪሽ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በነፃ ሊያቀርብልሽ በሕግ ይገደዳል፤ ሥራ ላይ በተመደብሽ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ። ያልተነገረሽ ከሆነ ዛሬ ጠይቂ።

የሎት ቁጥር መዝገቡ ግን የአንቺ ይሁን። ሴረም፣ ፊኮል፣ ሲኤፍኤስኢ፣ ዲኤምኤስኦ፣ ቢድ፤ በየፕሌቱ። ፖስትዶክ በጥቂት ዓመት ይሄዳል፣ ጥናቱ ከዚያ በኋላም ይቀጥላል።

ፍሎ_ጠረጴዛ

ስለ ማሳረፉ አልስማማም፤ አንድ ሌሊት ያረፈ ሴል ሲቀባ ጫፉ ይጠባል፣ የሚሞተውም ከመቁጠርሽ በፊት ሞቶ ይወጣል። ግን ሴል በጣም ጥቂት ከሆነ ፍሪዘር ካርታ ያለው ይሻላል። ዋናው ነገር የበፊቱና የ6ኛው ወር ናሙና አንድ ዓይነት መስተናገዳቸው ነው።

ክሮስማች_ወንበር

የኤችኤልኤ ላብን በተመለከተ። እኛ ምርምር ላብ አይደለንም። አሜሪካ ውስጥ ለታካሚ ሕክምና የሚውል ውጤት የሚያወጣ ላብ በክሊያ (የሕክምና ላብ) ሕግ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የእናንተ ላብ ያ ፈቃድ ከሌለው አንድም ቁጥራችሁ ታካሚው ፋይል ውስጥ አይገባም። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አግኝቶ «ያ ሰውዬ ለለጋሹ ስንት ወጣ?» ቢልሽ መልሱ የፒአዩ ጉዳይ ነው እንጂ የአንቺ አይደለም። በተቃራኒው እኛ ዘንድ ያለው ታይፒንግና የአንቲቦዲ ውጤት ፕሮቶኮሉ ከፈቀደ ለጥናቱ ይሰጣል፤ ጥያቄው በኮኦርዲኔተሯ በኩል ይምጣ።

ታይፒንጉን ሳትይዢ ኤምኤልአር አትተርጉሚ። በተለይ ዲአርቢ1 እና ዲኪው የሚባሉት የኤችኤልኤ ጂኖች የት እንደሚለያዩ ማወቅ አለብሽ። ኤችኤልኤያቸው አንድ የሆነ ወንድምና እህት ከሆኑ ምላሹ ዜሮ አካባቢ ነው የሚሆነው፤ መቻቻል ተገኘ ብሎ የሚደሰት ሰው አይጠፋም። ሦስተኛ ወገን ብላችሁ የምትመርጡት ሰውም ከተቀባዩ ጋር ያለው ልዩነት ከለጋሹ ጋር ካለው ልዩነት ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። አለበለዚያ 22 እና 25 ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ሴረሙን ሉሚኔክስ (የኤችኤልኤ አንቲቦዲን በቢድ የሚፈትሽ ማሽን) ላይ እናንተ ራሳችሁ የምትሠሩት ከሆነ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ አንቲቦዲው እጅግ ብዙ የሆነ ታካሚ ኤምኤፍአይው (የቢዱ የብርሃን ድምቀት) ዝቅ ብሎ ይታያል። አንቲቦዲው ቢዱ ላይ ኮምፕሊመንትን (አንቲቦዲ ሲያስነሣው ሴል የሚገድል የደም ፕሮቲን) ስለሚያስነሣ ክምችቱ ሁለተኛውን፣ ብርሃን የሚሰጠውን አንቲቦዲ ያግደዋል። ሴረሙን በኢዲቲኤ አስተናግዱ ወይም 1 ለ10 አቅጥናችሁ ድገሙ፤ ሲቀጥን ከፍ ካለ እሱ ነው። ሁለተኛው፣ ኤምኤፍአይ የመጠን መለኪያ አይደለም። 12,000 ያለው የ6,000ው እጥፍ አንቲቦዲ አለው ብላችሁ እንዳትጽፉ። አይቪአይጂ (ከብዙ ሰው የተሰበሰበ አንቲቦዲ) በቅርብ የወሰደ ሰው ሴረም ደግሞ ከራሱ ያልሆነ አንቲቦዲ ያሳያል፤ ቀኑን ጻፉ።

የቢዱ ፓነል ላይ የተለጠፉት የተመረጡ አሊሎች ናቸው፤ አፍሪካ ውስጥ ያለው የኤችኤልኤ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ የአበሻ ለጋሽ አሊል ፓነሉ ላይ በቀጥታ ላይኖር ይችላል። ያኔ ክሮስማቹ (የተቀባዩ ሴረም ከለጋሹ ሴል ጋር የሚሞከርበት ምርመራ) ከቢዱ ይበልጣል። ከዚሁ ጋር፦ የናሙና ቅጻችሁ ላይ «ጥቁር» የሚል ሳጥን ብቻ ካለ የትውልድ አገር የሚል መስመር አስጨምሩ። ለምሳሌ የኩላሊት አደጋን ከፍ የሚያደርጉት የኤፒኦኤል1 ጂ1 እና ጂ2 ልዩነቶች የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ግን ኢትዮጵያውያን ላይ አላገኛቸውም። አንድ ሳጥን ውስጥ ሲገቡ ይህ ይጠፋል።

ጉለሌ_27

ይቅርታ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ተማሪ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ ስለ ክሮስማች ብዙ ይነሣል። ፍሎ ሳይኖር በሲዲሲ (ኮምፕሊመንት ሴሉን መግደል አለመግደሉ በሚታይበት ክሮስማች) ብቻ እንዴት ነው የሚሠራው? ምን ምን ያሳስታል?

ክሮስማች_ወንበር

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ፤ ሲዲሲ የሁሉም መነሻ ነው። ፓቴልና ቴራሳኪ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት ላይ ክሮስማቹ ፖዚቲቭ ሆኖ ከተተከሉት 30 ኩላሊቶች 24ቱ ወዲያው ሥራ አቁመዋል፤ ኔጋቲቭ ከነበሩት 195 ግን 8 ብቻ።

የሚያስፈልግህ የቴራሳኪ ትሬይ (ጥቃቅን ዌል ያለው ሳህን)፣ ሚነራል ዘይት፣ የማይክሮ ሊትር ሲሪንጅ፣ የጥንቸል ኮምፕሊመንት፣ ኢንቨርትድ ማይክሮስኮፕ ነው። ዌሉ ውስጥ መጀመሪያ ዘይት፣ እንዳይተን። ከዚያ 1 ማይክሮ ሊትር ሴረም፣ 1 ማይክሮ ሊትር የለጋሽ ሴል (2000 ያህል)። 22 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ። 5 ማይክሮ ሊትር ኮምፕሊመንት፣ ሌላ 60 ደቂቃ። ቀለሙ አክሪዲን ኦሬንጅና ኢቲዲየም ብሮማይድ ከሆነ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሕያው አረንጓዴ፣ የሞተ ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። የሞተው እስከ 10 በመቶ ነጥቡ 1፣ 11–20 ሲሆን 2፣ 21–50 ሲሆን 4፣ 51–80 ሲሆን 6፣ ከዚያ በላይ 8።

የሚያሳስተው ይሄ ነው። ሴሉ ከመጀመሪያው 20 በመቶ የሞተ ከሆነ ኔጋቲቭ ኮንትሮሉም ከፍ ስለሚል ትሬዩ አይነበብም። ኮምፕሊመንቱ በ80 ፍሪዘር ተከፋፍሎ ይቀመጣል፣ በረዶ ላይ ይቀልጣል፣ ተመልሶ አይገባም፤ አዲስ ሎት ራሱ ሴል የሚገድል ሊሆን ስለሚችል ያለ አንቲቦዲ ፈትሸው። ፖዚቲቭ ሲወጣ ሴረሙን በዲቲቲ (መጨረሻው 5 ሚሊሞላር፣ 37 ዲግሪ 30 ደቂቃ) አስተናግደህ ድገም፤ ከጠፋ አይጂኤም ነበር። አይጂኤሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የታካሚው የራሱ አውቶአንቲቦዲ ነው፤ ለዚህ የታካሚውን ሴል ከራሱ ሴረም ጋር የምትሞክርበት ትሬይ አይቀርም። ኤቲጂ የወሰደ ሰው ሴረም የማንንም ሊምፎሳይት ይገድላል። ሪቱክሲማብ የወሰደ ሰው ቢ ሴሉ ላይ ብቻ ፖዚቲቭ ይሆናል፤ መድኃኒቱ የሚይዘው ሲዲ20ን ነውና። ፍሎ ያላቸው ላቦች ሲዲ20ን ፕሮኔዝ በሚባል ኢንዛይም ይቆርጣሉ፤ ፕሮኔዝ ግን ቲ ሴሉን ሐሰተኛ ፖዚቲቭ ሊያደርግ ይችላል፣ ስለዚህ ያለ ፕሮኔዝ የተሠራም ጎን ለጎን ይነበባል።

ደካማ አንቲቦዲ ሲዲሲ ያመልጠዋል። ሴሉን ከሴረሙ በኋላ ሦስቴ አጥበህ ፀረ ሰው ግሎቡሊን ጨምረህ ከዚያ ኮምፕሊመንት ብታደርግ የበለጠ ይይዛል።

10_ዜሮ_ክር

የአይጦቹ ሰዎች ስለተነሡ አንድ ሁለት ነገር። በማይክሮስኮፕ ሥር ልብ የሚተክለው ሰው ሐኪም ላይሆን ይችላል፤ እጁን ለማስገባት ግን ወራት ይፈጅበታል። ክሩ 10-0 ወይም 11-0 ነው። የባልቢሲ ዝርያ አይጥ ልብ ሲ57 ብላክ 6 ዝርያ አይጥ ሆድ ውስጥ ሲተከል መድኃኒት ከሌለ በ7 ወይም 8 ቀን ገደማ ይቆማል። በ1 ወይም 2 ቀን የቆመ ልብ ኢሚዩኖሎጂ አይደለም፤ ደም ረግቶ ወይም ሥሩ ተጣምሞ ነው፣ ከጥናቱ ይወጣል። የሚወጣበት ደንብ ግን ሙከራው ሳይጀመር መጻፍ አለበት።

አንቺን የሚነካሽ ይሄ ነው፦ ሆዱን በጣት እየዳበሰ ለተተከለው ልብ ምት ከ0 እስከ 4 ነጥብ የሚሰጠው ሰው የትኛው ኬጅ መድኃኒት እንደወሰደ ማወቅ የለበትም። ብዙ ጊዜ ይህን ሥራ ለቴክኒሺያን ይሰጡታል፤ ከተሰጠሽ የኬጁን ካርድ ሌላ ሰው ይሸፍንልሽ። ቆዳ ከሆነ ፋሻው በ7ኛው ቀን ይነሣል። ለጋሽና ተቀባይ ጾታቸው ይመሳሰል፤ የብላክ 6 ሴት የገዛ ዝርያዋን የወንድ ቆዳ እንኳ ትጥላለች። ስፕሊን (ጣፊያ) ስትቀበያቸው የተወሰደበትን ሰዓት ጠይቂ።

ባፊኮት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አነቃቂ ብቻ ያለውን ዌል ዛሬ ፕሌቱ ላይ ጨምሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ለአነቃቂው ጨረር የሚሰጠው የሲዚየም ማሽን ሊወጣ ነው፣ በኤክስሬይ ይተካል ብለዋል። እስኪመጣ ማይቶማይሲን (ሴል እንዳይከፋፈል የሚያደርግ መድኃኒት) ተጠቀሙ ተብሏል። ውጤቱ ይቀየራል?

ፍሎ_ጠረጴዛ

ሊቀየር ይችላል፣ ስለዚህ አንዱን ታካሚ በፊት በጨረር በኋላ በማይቶማይሲን አትሥሪ። ማይቶማይሲን በሚሊ ሊትር 50 ማይክሮግራም፣ 37 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ፣ ከብርሃን ተሸፍኖ። ከዚያ በብዙ ሚዲየም ሦስቴ እጠቢ፣ ከሁለተኛው እጥበት በኋላ ቱቦ ቀይሪ። የተረፈ ካለ መላሹንም ያቆመዋል፤ ያኔ አነቃቂው የተጨመረበት የሲዲ3/ሲዲ28 ዌል ከ85 ይወርዳል፣ እሱ ነው ምልክቱ። የኤክስሬይ ማሽኑ ሲመጣ 20፣ 30 እና 40 ግሬይ የወሰደ አነቃቂ በሴልትሬስ ቀብተሽ ከሲዲ3/ሲዲ28 ቢድ ጋር 6 ቀን አስቀምጪ። ቅንጣት እንኳ የማይከፋፈልበትን ዝቅተኛውን መጠን ያዢ፤ የማሽኑን ልኬት ወረቀት ደግሞ ከጨረር ደኅንነት ቢሮው ጠይቀሽ ከሎት መዝገብሽ ጋር አስቀምጪው።